ጢስ የሚደብቅ ዘይት



ውድ አንባቢያን፥ በዚህ ወር ልንጽፍላችሁ የተነሳነው ስለ መኪና ዘይት ነው። «የቤተሰብ መጽሔት ከሞተር ዘይት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ብንሆን ሙያችን ማስተማር እንጂ መካኒክነት አይደለም፤ ጠዋት መድረሳ፥ ከሰዓት በኋላ አስኳላ እየተመላለስን ስናድግ ስለ ሞተር ያስተማረን ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት አንዲት አሮጌ ኮሮላ የሁለቱንም ትምህርት ቤቶች ፈተና በአንድ ቀን አቀረበችልንና ከመልሱ ያገኘነውን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ታላቅ ወንድማችን (አላህ ይዘንለት) ወደ አኺራ የሄደው ባለቤቱንና ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ሦስት ልጆቹን ትቶ ነው። ከተወው ንብረት ዋናዋ ሰው ሁሉ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት ኮሮላ ነበረች። ሕይወቱን የሚመራው በእርሷ ነበር፤ ሙሽራ ሲገኝ ሙሽራ፥ በሽተኛ ሲገኝ በሽተኛ በኮንትራት ይጭናል። ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ሁሉ ያቋርጣታል፥ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚወጣውም ከእርሷ ይታጠፋል። ስለዚህ መኪና ያለው ሰው ሥራ አያጣም። ውርሱ በሸሪዓው መሠረት ሲሰላ ለባለቤቱ ስምንተኛው፥ በሕይወት ላሉት እናታችን ስድስተኛው፥ የቀረው ለልጆቹ ሆነ። ለእኛ ለወንድሞቹ የሚደርሰን ነገር አልነበረም። የደረሰን የየቲሞቹን ገንዘብ የመጠበቅ አደራ ብቻ ነው። አደራውን የተቀበልነው ከአጎታችን ጋር ነበር።

መኪናዋ እስክትሸጥ ቆማ እንዳትበላሽ ብለን ስምንት ወር ያህል እኛው ነዳናት። አሁን ስናስበው ጥፋቱ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ወንድማችን በየሳምንቱ ጁሙዓ ጠዋት ኮፈኗን ከፍቶ ዘይቷን ይመለከት እንደነበር አይተናል፤ እኛ ግን ቤንዚን እስካላት ድረስ የምትሄድ ይመስለን ነበር። የዘይት መብራቷ መብራት ስትጀምር ከመንገድ ዳር ሱቅ ገብተን «የመኪና ዘይት» እንላለን፤ ባለ ሱቁ የሰጠንን እንጨምራለን። ስሙን ወደማንጠራው አንድ ሱቅ ገብተን የገዛነው ጋሎንማ ክዳኑ ላይ መኖር የሚገባው የፕላስቲክ ቀለበት ቀድሞ የተቆረጠ ነበር። አይተናል፥ አልጠየቅንም፤ ምክንያቱም ዋጋው ረከስ ይል ነበር። በዚህ ላይ የከተማችን የሩዝ መፈልፈያዎች በሚሠሩበት ወራት መንገዱን የሚሸፍነው የሩዝ ገለባ ብናኝ የአየር ማጣሪያዋን ደፍኖት ከርሟል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪናም ፈላጊው በዝቷል። የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ ለመሸጥ ወሰንን። መካኒክ ዘንድ ስንወስዳት ግን ሞተሯ ሲነሳ ሰማያዊ ጢስ ታወጣለች፥ ከሥርም ኳ፥ ኳ የሚል ድምፅ አላት። መካኒኩ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና እጁን በጨርቅ እየጠረገ እንዲህ አለን፦

«መምህር፥ ይችን ነገር አታስቡባት። ያለውን ዘይት እናፈሳለን፥ ሃምሳ ቁጥር እንሞላታለን፥ ከላዩ አንድ ሊትር የካምቢዮ ዘይት፥ መቶ አርባውን፥ ጠብ እናደርግባታለን። ለሁለት ሳምንት ጭጭ ነው የምትል። ገዢው ቢነዳትም አያውቅ።»

ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም። ሁሉም የሚያደርገውን ነበር የነገረን፤ እንዲያውም ለየቲሞቹ አዝኖ የእጅ ዋጋ አልፈልግም ብሏል።

እዚህ ላይ ስለ ዘይት ጥቂት ካልተናገርን ነገሩ ግልጽ አይሆንም። በጋሎኑ ላይ 20ደብልዩ-50፥ 15ደብልዩ-40፥ 5ደብልዩ-30 የሚሉ ጽሑፎች ይታያሉ። ብዙዎቻችን ትልቁን ቁጥር የጥራት ምልክት አድርገን እንወስደዋለን፤ ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ ውፍረት ነው። «ደብልዩ» ክረምት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ሲሆን፥ ክረምት ሲባልም የእኛ ዝናብ ሳይሆን የፈረንጆቹ የበረዶ ወራት ነው። የፊተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ ቶሎ ይፈስሳል፤ 20ደብልዩ የሚባለው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ፥ 5ደብልዩ የሚባለው ደግሞ ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ሞተር ለማስነሳት እንዲያስችል ሆኖ ይፈተናል። የፎገራ ሜዳ እንዲህ ያለ ብርድ አያውቅም። የኋለኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት፥ ማለትም ሞተሩ በሚገባ ሲግል፥ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል።

«እንግዲያው አገራችን ሙቅ ከሆነ ወፍራሙ አይሻልም?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። እኛም ያሰብነው እንዲሁ ነበር። መልሱ «እንደ መኪናዋ» ነው። እንደ ዲኤክስ ያሉት የድሮ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ የአየሩን ሙቀት ከዘይቱ ቁጥር ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ አለው፤ ለሙቅ አገር 20ደብልዩ-50 ተፈቅዷል። በሠፈራችን በብዛት የሚታዩት ቪትዝና ያሪስ ግን ሌላ ናቸው። በእነርሱ ሞተር ውስጥ የቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው መሣሪያ የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎችም ጠባብ ናቸው። ሠሪው 5ደብልዩ-30 ብሎ ከጻፈ «ፀሐዩ ይከብዳታል» ተብሎ ሃምሳ ቁጥር መሙላት ለመኪናዋ ማዘን አይደለም። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወፍራሙ ዘይት ከላይኛው ክፍል እስኪደርስ የሚያልፉት ሰኮንዶች ብረት ከብረት የሚፋተግባቸው ናቸው።

ከቁጥሩ ሌላ ሁለት ፊደላትም አሉ። በ«ኤስ» የሚጀምሩት ለቤንዚን ሞተር፥ በ«ሲ» የሚጀምሩት ለናፍጣ ሞተር የተሠሩ መሆናቸውን ያመለክታሉ፤ ሁለቱም የተጻፉበት ዘይት ለሁለቱም ይሆናል። ከ«ኤስ» ቀጥሎ ያለው ፊደል በተራው እየገፋ ሲሄድ ዘይቱ አዲስ ነው፤ ኤስኤል እ.ኤ.አ. በ2001፥ ኤስኤን በ2010፥ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው። ለቤንዚን መኪና የኋለኛው የፊተኛውን ይተካል። ያን ሁሉ ጊዜ «የመኪና ዘይት» ብለን ስንገዛ እነዚህን ፊደላት አንድ ቀን እንኳ አላነበብናቸውም። ተማሪን «ጥያቄውን በሚገባ አንብብ» እያሉ የሚቆጡ ሰዎች!

የካምቢዮ ዘይትስ? ቁጥሩ የሚቆጠረው በሌላ መስፈርት ስለሆነ 140 ማለት የ50ን ሦስት እጥፍ የወፈረ ማለት አይደለም፤ ሆኖም ከ50ው ይወፍራል። የተሠራው ለጥርሶች ነው፤ ሞተር ውስጥ የሚፈጠረውን ጥላሸት እያጠበ ተሸክሞ የሚይዘው ቅመም በሚገባው መጠን የለውም። ታዲያ ጢሱ የት ይሄዳል? የትም አይሄድም። የፒስተኑ ፋሻ ስላረጀ ዘይቱ ሾልኮ ይቃጠላል፤ ዘይቱ ሲወፍር ግን መሹለኩ ይዘገያል። የላላውም ክፍል መካከል ወፍራም ዘይት ሲገባ እንደ ትራስ ሆኖ ድምፁን ያፍነዋል። በሽታው እዚያው ነው፤ የተሸፈነው ምልክቱ ብቻ ነው።

አጎታችን የመካኒኩን ሐሳብ ወደደው። እርሱ ሩዝ ነጋዴ ነው፥ ሰላቱን የማያጓድል፥ ሚዛኑ የተመሰገነ ሰው ነው። «ለራሳችን ብንሸጥ ኖሮ ጉድለቷን እንናገር ነበር። ይህ ግን የየቲም ገንዘብ ነው። አላህ ‹በመልካም ሁኔታ ካልሆነ አትቅረቡት› እያለ በልጆቹ ድርሻ ላይ ቸር መሆን የሚቻለን በምን ሥልጣን ነው?» አለን።

እውነቱን ለመናገር መልስ አጣን። መድረሳ የተማርነው ከአፋችን ጠፋ፥ የልባችንም ግማሽ ከእርሱ ጋር ነበር፤ ምክንያቱም ዋጋው ከወደቀ «ማን ነው መኪናዋን የነዳት?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በልጅነታችን ወዳስቀሩን ሸኽ ዘንድ ሄድን።

ሸኹ ሁሉንም በጸጥታ ከሰሙ በኋላ አጎታችንን አያውን እስከ መጨረሻው እንዲቀራው ጠየቁት። በሱረቱል አንዓም ነው፥ 152ኛው አያ። አጎታችን ቀራ፤ መካከሉ ላይ ሲደርስም ድምፁ ዝግ አለ። ለካ የየቲምን ገንዘብ ያለ መልካም መንገድ አትቅረቡ የሚለው አያ ያንኑ ትንፋሽ ሳይጨርስ ስፍርንና ሚዛንን በፍትሕ ሙሉ ብሎ ይቀጥላል። ሁለቱ ትእዛዛት በአንድ አያ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኛም ይህን አያ በቃላችን የምናውቀው ነበርን።

ከዚያም ሸኹ ወደ ገበያችን መጡልን። «ፎገራ ተወልዳችሁ ላም መግዛት አታውቁም?» አሉ። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የታወቀ እንደመሆኑ በሐሙስም ሆነ በሌላው ገበያ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው ጡቷን ነው። ሻጭ አንድ ቀን ሁለት ቀን ሳያልባት ቢያመጣት ጡቷ ተወጥሮ ባለ ብዙ ወተት ትመስላለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የግመልንና የበግን ወተት በጡታቸው እያጠራቀሙ መሸጥን መከልከላቸውን፥ እንዲህ ያለችውን የገዛ ሰውም ካለባት በኋላ ሊይዛት ወይም ከአንድ ቁና ተምር ጋር ሊመልሳት ምርጫ እንዳለው ኢማም ቡኻሪና ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል። «መቶ አርባ የምትሉት ዘይት ያልታለበ ጡት ነው» አሉ ሸኹ። «የየቲሞቹ ድርሻ መኪናዋ በእውነት የምታወጣው ነው። ከዚያ በላይ በማታለል የሚመጣው ብር ለእነርሱ የተጻፈ አይደለም፤ ስለዚህ ስትተዉት ከእነርሱ የቀነሳችሁት ነገር የለም።»

አጎታችን ከመሬት ቀና አላለም። ያረጠበ ሩዝ ሚዛን ላይ አውጥቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሸኹም ይህን አስታውሰው «አንተ ለሩዝህ የምታደርገውን ነው ለመኪናዋ የምጠይቅህ» አሉት።

በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ሸኹ ግን ወደ እኛ ዞሩና «መኪናዋ በሟቹ እጅ ሳለች እንዲህ ነበረች?» ሲሉ ጠየቁ።

የሟቹ ባለቤት ለዚህ መልስ ነበራቸው። ጢሱ ቀድሞም እንደነበር፥ ወንድማችን ለተሳፋሪ አስቀድሞ «ስትነሳ ትንሽ ታጨሳለች፥ እንዳትደነግጡ» ይል እንደነበር ነገሩን። ድምፁን ግን እንደማያውቁት ተናገሩ። መካኒኩንም በግልጽ ጠየቅነው፤ ሲጠየቅ አልዋሸም። ፋሻው በዕድሜ ያረጀ ነው፤ ኳኳታው ግን ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርባቸው ተሸካሚዎች ዘይት ሲጎድላቸው በቅርብ የመጣ ነው አለ። ዘይቱ ሲፈስ ከሥር ጥቁር አተላ፥ ከአተላው ውስጥም የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት ተገኘ። ጣታችን ላይ አድርገን በፀሐይ አየነው።

አደራ ተቀባይ ሳያጠፋ የጠፋውን አይከፍልም፤ በቸልተኝነቱ የጠፋውን ግን ይከፍላል። ሸኹ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። መካኒኩ ለኳኳታው ብቻ የሚያስወጣውን ሲያሰላ 22 ሺህ ብር ደረሰ። የመምህር ደመወዝ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በየወሩ አንድ ሺህ ብር እየከፈልን ነው፤ ይህን ስንጽፍ ዘጠኝ ወር ቀርቶናል።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች፥ ያን ዕዳ ለማስቀረት የሚያስፈልገው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሞ፥ ሞተሯ ከቀዘቀዘ በኋላ፥ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ መጥረግ፥ መልሶ አስገብቶ ማውጣት፤ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ማየት። መጥቆሩ ብቻውን አያስደነግጥም፤ ጥላሸቱን ተሸክሞ ይዞ ነው። ወተት የመሰለ እንደሆነ ግን ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና ሞተሩን ማስነሳት አይገባም። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰውን ጎርፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። አቧራ በበዛበት መንገድ የሚሄድ ሰው ደግሞ መመሪያው ለአስቸጋሪ ሁኔታ የሚሰጠውን አጭሩን የመለወጫ ኪሎ ሜትር ይያዝ፤ ከዘይቱ ጋርም ፊልትሮው ይለወጥ። ባዶውን ጋሎን ሳይቀዱ ሳይቆርጡ መጣልም ለአስመሳዮች ዕቃ ማቀበል ነው።

የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ የሚደፋውንም ሳንጠቅስ ማለፍ አልቻልንም። ቦዩ ወደ ሩዙ ማሳ፥ ከማሳውም ወደ ጣና ይሄዳል። በቆመ ውኃ ላይ ሽንት መሽናትን የከለከሉ ነቢይ ተከታዮች ነን።

ወደ መኪናዋ እንመለስ። ወፍራም ዘይት ራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ላረጀ ሞተር፥ መመሪያው ከፈቀደው ውስጥ ወፍራሙን መምረጥ የታወቀ ነገር ነው፤ እኛም ገዢ እስኪመጣ ድረስ የሞላናት በሠንጠረዡ ያለውን 20ደብልዩ-50 ነው። ታዲያ ጢሷም ድምፅዋም አልጠፉም። ሁለት ገዢዎች ሰምተው ሄዱ። አንደኛው «እውነቱን መናገራችሁ ሌላ የደበቃችሁት ስላለ ነው» ብሎን ነበር፤ እርሱ እስከ ዛሬ ያስቀናል።

ሦስተኛው ከሐሙሲት የመጣ ጎልማሳ ነው። ፋሻውንም ኳኳታውንም ነገርነው። ኮፈኗን ከፍቶ አየ፥ የመካኒኩን ሒሳብ በወረቀት ተቀበለ፥ ከጠየቅነው 35 ሺህ ብር አስቀንሶ ገዛ። ከፊርማው በኋላ የጠየቀን አንድ ነገር ነበር፤ «ሞተሯን ካሠራሁ በኋላ የትኛውን ዘይት ልሙላ?»

የመመሪያውን መጽሐፍ ሰጠነው። የመጽሐፉ የኋላ ገጾች ባዶ ስለነበሩ ወንድማችን ዘይት የለወጠበትን ቀን፥ ኪሎ ሜትሩንና የዘይቱን ዓይነት በእጁ እየጻፈ ሞልቷቸዋል። ትልቁ ልጅ ይህን ሲያይ መጽሐፉን አልሰጥም ብሎ ያዘ። ገዢው ግን ልጁን ሳይቆጣ እጁን ይዞት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ። ኮፒው አሁን በልጁ የቁርኣን ቦርሳ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው መስመር «20ደብልዩ-50፥ 3 ሊትር ተኩል፥ ፊልትሮም ተለውጧል» ይላል።